ቀለሙን የፋቅኩት ናጋንት

የመጀመሪያ ሽጉጤን ያበላሸሁት እኔው ራሴ ነኝ። አልጣልኩትም፣ አልሰበርኩትም። አጸዳሁት።

ናጋንት ነበር፣ ጥይት መያዣው የሚሽከረከር የሩሲያ ሪቮልቨር፣ የ1895 ሞዴል። ጎኑ ላይ የቱላ ፋብሪካ ኮከብና 1939 የሚል ዓመት ተመትቶበታል። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በወፍራም ግሪስ ተለውሶ፣ ከቆዳ አፎቱ፣ ከማጽጃ ዘንጉና ከትንሽ ካቻቢቴው ጋር መጣልኝ። ግሪሱን ማውጣት ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከሥሩ የወጣው ብረት ግን ደስ አላለኝም። ቦታ ቦታ የተላጠ ወፍራም ጥቁር ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ የድሮ ዝገት የበላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች። እኔ የምፈልገው በፎቶ ያየሁትን የሚያብረቀርቀውን ነበር። ብረት ሱፍና ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ሁለት ምሽት ሙሉ ፈገፈግኩት። ሲያልቅ አበራ። ከኮከቡ አጠገብ የነበረች አንዲት ትንሽ ምልክት ግን አብራ ሄደች። በመሃሏ ሰያፍ መስመር ያለባት ካሬ ነበረች። ያን ቀን ምንነቷን አላውቅም ነበር፤ ጭረት መስላኝ ነው የፋቅኳት።

ከወራት በኋላ ስለ ሶቪየት የጦር ግምጃ ቤቶች ሳነብ አገኘኋት። ያቺ ካሬ ሽጉጡ ከአገልግሎት በኋላ ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ እንደተፈታ፣ እንደታደሰና እንደገና ለአገልግሎት ብቁ እንደተባለ የምትመሰክር ማኅተም ናት። ጥቁሩ ቀለምም የዚያው እድሳት ሥራ ነበር። እኔ ቆሻሻ ብዬ ያነሳሁት ነገር የሽጉጡ የሕይወት ታሪክ ግማሽ ነበር።

ይህን የምጽፈው አሁን አሁን ከሠራዊት የወጡ አሮጌ ሽጉጦችን መሰብሰብ የጀመሩ ሰዎች ሲበዙ ስላየሁ ነው። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት አድርጌ ላሳምረው?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልሴ አንድ ነው፤ እባካችሁ አታሳምሩት። ሱቅ ውስጥ ከሚሸጥ አዲስ ሽጉጥ የሚለየው ያለፈባቸው እጆች ብረቱ ላይ ስለተጻፉ ነው። ጽሑፉን ማንበብ መማር ነው ሥራው።

ናጋንትን ራሱን እንውሰድ። የነደፈው ቤልጂየማዊው ሌዮን ናጋንት ነው። ሩሲያ በ1895 ተቀበለችው፣ በኋላ ቱላ ላይ ራሷ ማምረት ጀመረች። ሰባት ጥይት ይይዛል። በሌላ ሪቮልቨር ብዙም የማታገኙት ነገር አለው፤ መዶሻው ወደ ኋላ ሲነሳ ጥይቶቹን የያዘው ተሽከርካሪ ቤት ወደ ፊት ተገፍቶ ከቱቦው ጋር ይገጥማል። አረሩ ቀለሁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀብሮ ነው የሚቀመጠው፣ የቀለሁ አፍ ደግሞ ወደ ቱቦው ትንሽ ይገባል። ሲተኮስ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ጋዝ አይወጣም። ይህን ያህል የተራቀቀ ሆኖ አሞላሉ ግን አድካሚ ነው። በጎኑ ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ ታስገባላችሁ፣ አንድ በአንድ በዘንግ ገፍታችሁ ታወጣላችሁ። ቃታውም ከባድ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት ሳያነሱ መሳብ ጣት ያደክማል። በዛሩ ዘመን ለተራው ወታደር የተሰጠው ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በእጅ ማንሳት የሚጠይቀው ዓይነት ሲሆን፣ በቃታ ብቻ የሚተኮሰው ለመኮንኖች ነበር። ሶቪየቶች ሲመጡ ይህን ልዩነት አስቀሩት። አንድ ሽጉጥ ውስጥ የሁለት ሥርዓት አስተሳሰብ ታያላችሁ ማለት ነው።

ስለ መለያ ቁጥር ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ቁጥሩ ሁሉ ይገጥማል» የሚለው ቃል ሻጮች ዘንድ እንደ ጸሎት ይደጋገማል። ትርጉሙ ግን ከሽጉጥ ሽጉጥ ይለያያል። ሉገር ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ ምድር ጦሩ በ1908 የተቀበለው ያ እንደ ጉልበት ወደ ላይ የሚታጠፍ አካል ያለው ሽጉጥ፣ ትናንሽ ክፍሎቹ ላይ ሳይቀር የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ይመቱበታል። በእጅ እየተሞረደ የሚገጣጠም ስለነበረ የአንዱ ክፍል ለሌላው ሁልጊዜ በደንብ አይሆንም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ክፍል ሌላ ቁጥር ከያዘች አንድ ሰው አንድ ቀን ቀይሯታል ማለት ነው። ካዝናውም፣ ማለትም ተነቃይ ጥይት መያዣው፣ ከቁጥሩ ጋር ከገጠመ ብርቅ ነው፤ ካዝና ቶሎ የሚጠፋና የሚለዋወጥ ነገር ነውና።

በአሜሪካው 1911 ላይ ግን ይህን ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ስህተት ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ይህን ሽጉጥ ጦሩ በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 ዋና ሽጉጡ አድርጎ ይዞታል። በዚያ ሁሉ ዓመት የጥገና ክፍሎች መቶ ሽጉጥ ፈትተው ክፍሎቹን በየሳጥኑ ከምረው፣ ከእጃቸው የገባውን አንስተው ይገጣጥሙ ነበር። ክፍሎቹ የተሠሩት እንዲለዋወጡ ነው። ስለዚህ አካሉ ሬሚንግተን ራንድ፣ የላይኛው ተንሸራታች ኮልት፣ ቱቦው የሌላ ቢሆን ማንም አላጭበረበራችሁም። በጦር ሠራዊት ውስጥ የኖረ ሽጉጥ እንዲህ ነው የሚመስለው። እንዲያውም እንከን የሌለው፣ ሁሉም ነገር የሚገጥም ሲሆን ነው እኔ ጠጋ ብዬ የማየው።

ሬሚንግተን ራንድ ካልኩ አይቀር፣ የጽሕፈት መኪና አምራች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሁሉም በላይ 1911 የሠራው እሱ ነው። የባቡር ምልክትና መቀያየሪያ የሚሠራው ዩኒየን ስዊችም ሠርቷል። የስፌት መኪናው ሲንገር ደግሞ 500 ብቻ ሠራ። አምስት መቶ! በዚህ ምክንያት የሲንገር ሽጉጥ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከወርቅ በላይ ይፈለጋል፣ ሐሰተኛውም በዚያው ልክ ብዙ ነው። ሌላ ሽጉጥ ላይ የሲንገርን ስም መቅረጽ የሚችል እጅ አይጠፋም። አንድ ሰው «ሲንገር አለኝ» ካላችሁ መጀመሪያ ደስ አይበላችሁ። መጀመሪያ ጠርጥሩ።

እኔ በጣም የምወደው ምዕራፍ የጦርነቱ መጨረሻ በብረቱ ላይ የሚታይባቸው ሽጉጦች ናቸው። ፒ38ን እዩ። የጀርመን ጦር በ1938 የተቀበለው ሽጉጥ ነው። ሦስት ፋብሪካዎች ሠርተውታል፣ ስማቸውን በግልጽ አይጽፉም፣ በኮድ ነው። ኤሲ ካለ ዋልተር፣ ቢዋይኤፍ ካለ ማውዘር፣ ሲዋይኪው ካለ ሽፕሬቬርክ ነው። ዋልተርና ማውዘር ከኮዱ ጋር የዓመቱን ሁለት አኃዝ ይመቱ ነበር። የ1941ን እና የ1945ን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመጀመሪያው እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። ሁለተኛው ላይ የማሽኑ ቢላ የሄደበት መስመር ሁሉ ይቆጠራል። ጊዜ አልነበራቸውም፣ ሰው አልነበራቸውም፤ ሽጉጡ ይተኩስ እንጂ ማማሩ የማንም ጉዳይ አልነበረም። እነዚያን መስመሮች ወልውሎ ማጥፋት ለእኔ ደብዳቤ እንደመቅደድ ነው።

የፖላንዱ ቪስ 35ም እንደዚሁ፣ ግን የእሱ ልብ ይነካል። ከጦርነቱ በፊት ራዶም ከተማ ውስጥ የተሠራው በተንሸራታቹ ላይ የፖላንድ ንስር ተቀርጾበታል፣ ሥራው እጅግ የተዋጣለት ነው። ጀርመኖች ፖላንድን ሲይዙ ፋብሪካውን ለራሳቸው ጦር አስቀጠሉት። ንስሩ ቀረ፣ በምትኩ የጀርመን የቁጥጥር ማኅተም መጣ። ሠራተኞቹ ክፍሎችን በድብቅ እያወጡ ጀርመኖችን በድብቅ ለሚታገሉ ፖላንዳውያን ይሰጡ ነበር፣ በዚህም ተይዘው የተገደሉ አሉ። ጀርመኖቹ በኋላ ቱቦውን ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየር ላይ ማሠራት ጀመሩ፤ ራዶም ላይ ሙሉ ሽጉጥ መገጣጠም እንዳይቻል። አንድ የቪስ ሽጉጥ እጄ ሲገባ ንስር አለው ወይስ የለውም ብዬ ነው መጀመሪያ የማየው። ንስር ያለው የበለጠ ይፈለጋል፣ እሱ እውነት ነው። እኔ ግን ንስር የሌለውንም በእኩል ክብር ነው የማስቀምጠው፤ ያንን የሠራው እጅ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ አስቡት።

የቀይ ዘጠኙ ታሪክ ደግሞ አጭር ነው፣ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ማውዘር ሲ96 አፎቱ ከእንጨት ሆኖ እንደ ሰደፍ የሚገጠምለት ረጅም አፍንጫ ያለው ሽጉጥ ነው። ጥይቱ በመሠረቱ 7.63 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን 150,000 በ9 ሚሊሜትር አዘዘች። ወታደር በስህተት የማይሆን ጥይት እንዳይጨምርበት እጀታው ላይ ትልቅ 9 ተቀርጾ ቀይ ቀለም ተቀባ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ቀለሙ ገና ያለበት አለ። ቀለሙ ስለለቀቀ አዲስ ቀይ የቀባበት ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬ ያንን ቀለም እንዴት እንደሚያስለቅቅ ነው የሚጠይቀኝ።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። ከሁሉ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ፣ ይህ የማይዘለል ነው። አንዳንዱ አገር ለእያንዳንዱ ሽጉጥ ፈቃድ ይጠይቃል። አንዳንዱ እንዳይተኩስ ተደርጎ የተዘጋውን ብቻ ነው የሚፈቅደው። በአሜሪካ ደግሞ 50 ዓመት የሞላውን መሣሪያ ለሚሰበስቡ የተለየ ፈቃድ አለ። ወረቀት የሌለውን ሽጉጥ ምንም ያህል ብርቅ ቢሆን አትንኩት። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ ታሪኩም የለውም፣ የሚያመጣው መዘዝ ብቻ ነው።

ሽጉጡን ስትይዙ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም። ካዝናውን አውጡ፣ ተንሸራታቹን ሳቡ፣ ጥይት ቤቱን በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁ ዳስሱ። ከዚያ ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ ቱቦውን ተመልከቱ። ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የድሮ ዝገት ነው፤ ለስብስብ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። በቱቦው ውስጥ እንደ ቀለበት የሚዞር ጥላ ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ቱቦው አንድ ጊዜ ተነፍቷል ማለት ነው። አረር ተቀርቅሮበት ሌላ ተተኩሶበት ይሆናል። እንደዚያ ዓይነቱን እኔ ለመተኮስ አልገዛም።

ከዚያ ማኅተሞቹን በማጉያ መነጽር። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ስለታም ነው ወይስ የደበዘዘ? የደበዘዘ ከሆነ ሰው ወልውሎታል፣ እኔ የመጀመሪያዬን እንዳደረግኩት። የማኅተሙ ውስጥ አዲስ ብረት ሆኖ ዙሪያው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ጥያቄ አንሱ፤ ዋጋ ለማሳደግ ንስር የሚመቱ ሰዎች አሉ። «ይህ የጄኔራል እገሌ ነበር» የሚል ወሬ ከመጣ ወረቀቱን ጠይቁ። አንዳንድ የአሜሪካ ወታደሮች ከጦርነቱ ሲመለሱ የማረኩትን መሣሪያ እንዲይዙ የተፈቀደላቸው መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ነበራቸው። የሽጉጡ ቁጥር የተጻፈበት ማስረጃ ካለ እውነተኛ ሀብት ነው። ከሌለ የምትገዙት ብረቱን ብቻ ነው፣ ለወሬው አትክፈሉ።

አንዳንድ ሽጉጦች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የቼኮስሎቫኪያው ሲዜድ 52 በሁለት ሮለር የሚቆለፍ ደስ የሚል ሽጉጥ ነው፣ መቺው መርፌው ግን ቶሎ ይሰበራል። ባዶውን ቃታ እየሳባችሁ አትጫወቱበት። መዶሻውን ያለ ተኩስ የሚያወርደው ቁልፍም ባረጁት ላይ ስለማይታመን፣ ጥይት ቤቱ ውስጥ ጥይት እያለ በእሱ አታውርዱ። የሶቪየቱ ቶካሬቭ ሲሠራ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ አልነበረውም። ሴፍቲ ያለበት ካያችሁ ብዙ ጊዜ በኋላ ለሽያጭ የተጨመረ ነው። የእንግሊዙ ዌብሊ ማርክ 6 በመሠረቱ የ.455 ጥይት ሽጉጥ ነው። ብዙዎቹ የጥይት ቤታቸው ከኋላ ተቆርጦ የአሜሪካውን .45 እንዲይዙ ተደርገዋል። ያ ጥይት ደግሞ ግፊቱ ከተሠሩበት በላይ ነው። ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ማካሮቭ 9 ሚሊሜትር ይባላል፣ አረሩ ግን ከተለመደው 9 ይሰፋል፣ 9.27 ገደማ ነው። የቶካሬቭን ጥይት አሮጌ ማውዘር ሲ96 ውስጥ መክተትም እንዲሁ፤ መጠኑ በጣም ስለሚቀራረብ ይገባል፣ ግን ብዙ ጊዜ ኃይሉ ይበዛል። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ጥይት አትጨምሩ።

ስለ ጥይት ካነሳን፣ በርካታ አሮጌ የወታደር ጥይት ቱቦ ይበላል። የሚበላው ባሩዱ አይደለም፣ እሳት የሚጭረው ክፍል ነው። ፖታሲየም ክሎሬት አለበት፣ ሲቃጠል የጨው ዘመድ የሆነ ነገር ይተዋል። ያ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በሁለት ቀን ቱቦው ይዝጋል። ብዙ ሰው ዘይት ደጋግሞ ይቀባና «ለምን ዛገብኝ?» ይላል። ጨው በዘይት አይሟሟም! በውኃ ነው የሚሟሟው። ከተኮሳችሁ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ነው ዘይቱ። ሽጉጥ በውኃ ማጠብ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ ብረቱ ግን ትኩስ ስለሚሆን ቶሎ ይደርቃል።

ግምጃ ቤት የተቀባው ወፍራም ግሪስ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል። ይበቃል። የእንጨት እጀታውን መጀመሪያ ፍቱት፣ ጋዙ እንዳያገኘው። ንጹሕ አየር ባለበት፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩት። ብረት ሱፍ፣ ሞርድ፣ ብርጭቆ ወረቀት ወደዚያ ክፍል አይግቡ። ቀይ ዝገት ካለ ዘይት ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩትና በጨርቅ ጥረጉት፣ ንቁው ዝገት ይለቃል፣ አሮጌው ቀለም ይቀራል። ሞላው ከደከመ መቀየር ክልክል አይደለም፣ የምትተኩሱበት ከሆነ እንዲያውም ቀይሩት። ግን አሮጌውን ሞላ አትጣሉት፤ በትንሽ ከረጢት ከሽጉጡ ጋር አስቀምጡት።

ቆዳ አፎቱ ውስጥ ደግሞ አታስቀምጡ። ሲያዩት ቦታው ይመስላል፣ ቆዳው ግን እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። አፎቱ ለብቻው፣ ሽጉጡ ለብቻው፣ ሁለቱም በተቆለፈ ቦታ። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጥይትም በሌላ ቁልፍ።

አሁን ለእያንዳንዱ ሽጉጥ አንድ ካርድ አለኝ። ቁጥሩን፣ ማኅተሞቹን፣ የት የት ጭረት እንዳለው፣ እጄ ሲገባ ምን ይመስል እንደነበረ፣ እኔስ ምን እንዳደረግኩበት እጽፋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው የእኔን ሥራ ከድሮው ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ሁለተኛ ናጋንት አግኝቻለሁ፣ የ1941፣ ጥቁር ቀለሙ እንደተላጠ፣ ካሬዋ በቦታዋ። አልነካሁትም። የመጀመሪያውም ከእኔው ጋር ነው፣ ልሸጠው አስቤ አላውቅም። ካርዱ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ናጋንት፣ ቱላ፣ 1939። ከኮከቡ አጠገብ የእድሳት ማኅተም ነበረው። ቀለሙንም ማኅተሙንም የፋቅኩት እኔ ነኝ።»